«ከማውቀው ሰው ነው የመጣው»፦ በኢሜይል አባሪ ከሚመጣ ቫይረስ ኮምፒውተራችንን እንዴት እንጠብቅ?



በመምህርነት ስንሠራ በነበረበት ትምህርት ቤት የተማሪዎች ውጤት የሚቀመጥበት ኮምፒውተር አንድ ብቻ ነበር። የሴሚስተሩ ውጤት ሊለጠፍ ሦስት ቀን ሲቀረው ለቢሮው ጸሐፊ አንድ ኢሜይል ደረሳት። ላኪዋ ከአንድ ዓመት በላይ ስትጻጻፋት የኖረች የሌላ ትምህርት ቤት ባልደረባ ነች። «የተስተካከለውን ዝርዝር ተመልከቺው» የሚል አንድ መስመር ጽሑፍ አለ፤ ከሥሩ አንድ የዎርድ ሰነድ ተያይዟል። ጸሐፊዋ ከፈተችው። ሰነዱ ላይ የሚነበብ ዝርዝር የለም፤ ከላይ ቢጫው መስመር ላይ ያለውን ቁልፍ ከተጫናችሁ ይታያል የሚል ማሳሰቢያ ብቻ ነው ያለው። ተጫነችው። ምንም የተለወጠ ነገር ስላላየች ዘግታው ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

በነጋታው ጠዋት የሁሉም ክፍል የውጤት ፋይል ስሙ ተለዋውጦ አልከፈት አለ። በየፎልደሩ ውስጥ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ማስታወሻ ተቀምጧል። ፋይሎቻችሁ ተቆልፈዋል፣ መክፈቻውን ከፈለጋችሁ በቢትኮይን ክፈሉ ይላል። በፍላሽ የተያዘ ሌላ ቅጂ ነበረን። ችግሩ ፍላሹ ሌሊቱን ሙሉ ኮምፒውተሩ ላይ እንደተሰካ ማደሩ ነው፤ እሱም አብሮ ተቆልፏል። ቀሪዎቹን ሦስት ቀናት መምህራኑ በሙሉ ተሰብስበን ከወረቀት ማርክ ሊስት ላይ አንድ በአንድ ስንገለብጥ አሳለፍናቸው። የወረቀት ማርክ ሊስታቸው ያልተገኘ ሁለት ክፍሎች ደግሞ እንደገና ተፈተኑ።

ጸሐፊዋን ያልወቀሳት አልነበረም። እሷ ግን የምትመልሰው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ከማውቀው ሰው ነው የመጣው»። ያኔ ሰበብ መስሎን ነበር። ቆይተን ጉዳዩን ስናጠናው ግን የተናገረችው እውነት ሆኖ አገኘነው። ብዙዎቻችን የምናውቀው ምክር «ከማታውቁት ሰው የመጣ ኢሜይል አትክፈቱ» የሚል ነው። ምክሩ ስህተት የለበትም፤ ነገር ግን ግማሽ ምክር ነው። ትልልቅ ጉዳት ካደረሱት ቫይረሶች ብዙዎቹ የተሰራጩት በምናውቃቸውና በምናምናቸው ሰዎች ስም ነውና።

ስፓም ምንድን ነው? አደጋውስ የት ላይ ነው?

ስፓም የሚባለው ሳንጠይቀው በገፍ የሚላክልን መልእክት ነው። አብዛኛው ማስታወቂያ ስለሆነ ከማሰልቸት በቀር ጉዳት የለውም። አደገኛው አባሪ ፋይል፣ ብዙዎቻችን አታችመንት የምንለው፣ ወይም ወደ ሌላ ቦታ የሚወስድ ሊንክ ያለበት ነው። በቋንቋው ልዩነት አንድ ነገር እናስተካክል፤ ባለሙያዎች ጎጂ ሶፍትዌርን ሁሉ ማልዌር ይሉታል፣ ቫይረስ ከእሱ አንዱ ዓይነት ብቻ ነው። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ እንደ ለመድነው ሁሉንም ቫይረስ እያልን እንቀጥላለን።

ኢሜይሉን ከፍቶ ጽሑፉን ማንበብ ብቻውን ዛሬ ባሉት የኢሜይል አገልግሎቶች ኮምፒውተርን ያስይዛል ማለት እምብዛም አይቻልም። ቫይረሱ ሥራ የሚጀምረው እኛ አባሪውን አውርደን ስንከፍተውና አልፎም «እሺ» ስንለው ነው። ይህ የምሥራች ነው። በሩ ከውስጥ ነው የሚከፈተው ማለት ነውና፤ ከፋቹም እኛው ነን።

የፍቅር ደብዳቤው

የዚህ ሁሉ አባት ሊባል የሚችለው እ.ኤ.አ. በግንቦት ወር 2000 የተሰራጨው «አይ ላቭ ዩ» የተባለው ቫይረስ ነው። የተነሳው ከፊሊፒንስ ነው። ሰዎች ከጓደኛቸው፣ ከሥራ ባልደረባቸው ወይም ከአለቃቸው «እወድሃለሁ» የሚል ርዕስ ያለው ኢሜይል ይደርሳቸዋል። ከሥሩ የፍቅር ደብዳቤ የሚመስል አባሪ አለ። ሲከፍቱት ቫይረሱ በኮምፒውተሩ ላይ ያሉ ፎቶዎችንና ሌሎች ፋይሎችን በራሱ ቅጂ ይተካል፤ በዚያው ቅጽበት በማይክሮሶፍት አውትሉክ ላይ ወደተመዘገበው አድራሻ ሁሉ በባለቤቱ ስም ራሱን ይልካል። በጥቂት ቀናት ውስጥ በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ኮምፒውተሮችን ያዘ። የእንግሊዝ ፓርላማና የአሜሪካ መከላከያ መሥሪያ ቤት ፔንታጎን ሳይቀሩ የኢሜይል አገልግሎታቸውን ለጊዜው ለመዝጋት ተገደዱ።

ጸሐፊው ኦኔል ዴ ጉዝማን የተባለ የኮምፒውተር ተማሪ ነበር። ያን ጊዜ በፊሊፒንስ ይህን ድርጊት የሚቀጣ ሕግ ስላልነበረ በነጻ ተለቀቀ፤ ሕጉ የወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከ20 ዓመት በኋላ ለአንድ ጋዜጠኛ ሲናገር መነሻው የሰዎችን የኢንተርኔት ፓስወርድ ሰርቆ በነጻ ለመጠቀም እንደነበር ገልጿል። ለነገሩ በእኛም አገር ሕግ አለ፤ በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 ጎጂ የኮምፒውተር ፕሮግራም ማሰራጨትን ያስቀጣል። ይሁንና የተቆለፈ ፋይል በአዋጅ አይከፈትም።

ከዚህ ታሪክ የምንወስደው ቴክኒካዊ ነገር አንድ ነው፤ እሱም የፋይሉ ስም ነው። የአባሪው ስም መጨረሻ ላይ «ቲ ኤክስ ቲ» የሚል ይታያል፤ ይህ ተራ ጽሑፍ ማለት ስለሆነ ማንም አይፈራውም። እውነተኛው ስም ግን እዚያ ላይ አያበቃም። ከነጥቡ ቀጥሎ «ቪ ቢ ኤስ» የሚሉ ሦስት ፊደላት ነበሩ፤ ይህም ኮምፒውተሩ የሚፈጽመው የትእዛዝ ፋይል ነው። ዊንዶውስ ግን የሚያውቃቸውን የፋይል ዓይነቶች የመጨረሻ ፊደላት ይደብቃል። ተጠቃሚው ያየው ደብዳቤ ነው፤ የከፈተው ፕሮግራም ነው።

የሚያሳዝነው ዊንዶውስ ዛሬም ከፋብሪካ ሲወጣ እነዚህን ፊደላት ደብቆ መምጣቱ ነው። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ ስትጨርሱ አንድ ነገር ብቻ የምታደርጉ ከሆነ ይህን አድርጉ። ዊንዶውስ 11 ላይ ማንኛውንም ፎልደር ክፈቱ፤ ከላይ «ቪው» የሚለውን ተጫኑ፤ «ሾው» የሚለው ላይ ስትደርሱ ከሚወጡት ውስጥ «ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ» የሚለውን ምረጡ። ዊንዶውስ 10 ላይ «ቪው» ውስጥ ስትገቡ ያንኑ ስም ከነምልክት ማድረጊያ ሳጥኑ ታገኙታላችሁ። ከዚያ በኋላ የእያንዳንዱን ፋይል ሙሉ ስም ታያላችሁ።

አሁን የምትፈልጉት ከመጨረሻው ነጥብ በኋላ ያለውን ነው፤ መካከል ላይ የተጻፈው ማታለያ ሊሆን ይችላል። ፎቶ ነው ተብሎ የመጣ ነገር መጨረሻው «ኢ ኤክስ ኢ»፣ «ኤስ ሲ አር»፣ «ጄ ኤስ»፣ «ቪ ቢ ኤስ» ወይም «ኤል ኤን ኬ» ከሆነ ፎቶ አይደለም። አጥፉት። ማንም ጨዋ ሰው ደረሰኝ ወይም የሠርግ ጥሪ በእነዚህ ዓይነቶች አይልክም። «ኤች ቲ ኤም ኤል» የሚል አባሪ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሲከፈት የኢሜይል መግቢያ ገጽ የሚመስል ነገር አሳይቶ ፓስወርድ ያስጽፋል። እሱ ላይ የጻፋችሁት ፓስወርድ የሚሄደው ወደ ሌባው ነው።

የፋይሉ ምስልም አያታልላችሁ። ቀይዋን የፒ ዲ ኤፍ ምልክት በማንኛውም ፕሮግራም ላይ መለጠፍ ቀላል ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ ላይ ብዙዎችን ያስለቀሰው ክሪፕቶሎከር የተባለው ፋይል ቆላፊ ቫይረስ የመጣው እንዲሁ ነበር፤ በዚፕ የታሸገ፣ የፒ ዲ ኤፍ ምልክት የተለጠፈበት ፕሮግራም። ገንዘቡንም በቢትኮይን ይቀበል ነበር።

ቢጫዋ መስመር

ወደ ጸሐፊያችን እንመለስ። እሷ የከፈተችው ፕሮግራም አይደለም፤ እውነተኛ የዎርድ ሰነድ ነው። ታዲያ እንዴት ተያዘች?

ዎርድና ኤክሴል ውስጥ ማክሮ የሚባል ነገር አለ። ተደጋጋሚ ሥራን በራሱ እንዲሠራ ሰነዱ ውስጥ የሚጻፍ አነስተኛ ፕሮግራም ነው። ለሒሳብ ሠራተኛ ጠቃሚ መሣሪያ ነው። ለወንጀለኛ ደግሞ ሰነድ መስሎ የሚገባ ፕሮግራም ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1999 የተሰራጨው ሜሊሳ የተባለው ቫይረስ በዚሁ መንገድ የመጣ የዎርድ ሰነድ ሲሆን በአድራሻ መዝገቡ ላይ ወዳሉት የመጀመሪያዎቹ 50 ሰዎች ራሱን ይልክ ነበር።

ማይክሮሶፍት ከኢንተርኔት የመጣ ሰነድ ሲከፈት መጀመሪያ በጥበቃ ውስጥ ያሳየዋል፤ ከላይም ቢጫ መስመር ይወጣል። «ኢኔብል ኤዲቲንግ» የሚለው ከጥበቃው ውጡ ማለት ነው፤ «ኢኔብል ኮንተንት» የሚለው ደግሞ ማክሮውን አሠራ ማለት ነው። ቫይረስ የያዘ ሰነድ እነዚህን ሁለት ቁልፎች እንድትጫኑ ሊለምናችሁ ይገደዳል። «ሰነዱ በአዲስ ቨርዥን ስለተዘጋጀ»፣ «ለደህንነት ሲባል ስለተሸፈነ» እያለ ደብዛዛ ምስል ያሳያችኋል። ይህን ልመና ያያችሁበት ሰነድ ሁሉ ያለ ምንም ጥርጥር መዘጋት ያለበት ነው። ጤነኛ ደብዳቤ አንባቢውን ቁልፍ ተጫንልኝ ብሎ አይለምንም።

ከ2022 አጋማሽ ጀምሮ ማይክሮሶፍት ከኢንተርኔት በመጡ ሰነዶች ላይ ያሉ ማክሮዎችን በራሱ መከልከል ጀምሯል፤ መስመሩም ቀይ ሆኗል። ትልቅ እርምጃ ነው። ይሁንና በብዙ ቢሮዎቻችንና በኢንተርኔት ካፌዎች ያለው ኦፊስ የ2010 ወይም የ2013 ነው፤ ይህ መከላከያ አልደረሰውም። ወንጀለኞቹም ዝም አላሉም። ወዲያው ወደ ዚፕ፣ «አይ ኤስ ኦ» ወደሚባል የታሸገ የዲስክ ቅጂ፣ በ2023 መጀመሪያ ላይ ደግሞ ወደ ዋንኖት ሰነድ ዞሩ። የፋይሉ ዓይነት ይለዋወጣል፤ «ይህን ተጫኑ» የሚለው ልመና ግን አይለወጥም።

ያቋረጥነው ጨዋታ ሲቀጥል

ኢሞቴት የተባለው ቫይረስ የጸሐፊያችንን ነገር ከሁሉ በላይ ያስረዳል። የታየው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው፤ መጀመሪያ የባንክ መረጃ ይሰርቅ ነበር። በኋላ ግን የገባበትን ኮምፒውተር ለሌሎች ወንጀለኞች የሚያከራይ ሆነ። እነሱም ፋይል ቆላፊዎቻቸውን ይዘው ይገቡበታል። ልዩ የሚያደርገው ከያዘው ኮምፒውተር የቆዩ ኢሜይሎችን መስረቁ ነው። ከዚያም ለአንዱ የድሮ መልእክት መልስ እንደሚሰጥ ሆኖ ይመጣል። ርዕሱ እናንተ የጻፋችሁት ርዕስ ነው፤ ከሥሩ እናንተ የጻፋችሁት ጽሑፍ አለ፤ ላኪው የምታውቁት ሰው ነው። የጨመረው አንድ መስመርና አንድ አባሪ ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን «የማታውቁትን አትክፈቱ» የሚለው ምክር አይመልሰውም።

በጥር 2021 የጀርመን፣ የኔዘርላንድስ፣ የአሜሪካ፣ የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይ፣ የሊትዌኒያ፣ የካናዳና የዩክሬን ፖሊሶች በጋራ ዘመቻ የኢሞቴትን ማዘዣ ኮምፒውተሮች ተቆጣጠሩ። ደስታው ብዙ አልቆየም፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ተመልሶ መጣ።

ለእኛ ተብሎ የተዘጋጀ ማጥመጃ

«እኛ ምን አለንና ነው የሚፈልጉን?» የሚል ወንድም አይጠፋም። ለዚህ ከኢትዮጵያውያን መካከል የተከሰተ፣ በፍርድ ቤት መዝገብ ላይ ያለ አንድ ጉዳይ እናንሳ። በአሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት የሚኖር ትውልደ ኢትዮጵያዊ እ.ኤ.አ. በ2014 በኢትዮጵያ መንግሥት ላይ ክስ መሠረተ። ክሱ እንደሚለው አንድ የሚያውቀው ሰው የዎርድ ሰነድ የተያያዘበት ኢሜይል አስተላለፈለት። ሰነዱን ከፈተው። ውስጡ ፊንስፓይ የተባለ፣ ለመንግሥታት ብቻ የሚሸጥ የስለላ ሶፍትዌር ነበረበት። ከጥቅምት 2012 መጨረሻ እስከ መጋቢት 2013 ድረስ በስካይፕ የተነጋገረውን ጨምሮ የኮምፒውተሩን እንቅስቃሴ እየቀዳ ኢትዮጵያ ውስጥ ወዳለ ሰርቨር ይልክ ነበር ይላል ክሱ። የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በመጋቢት 2017 ጉዳዩን የዘጋው ድርጊቱ ሙሉ በሙሉ አሜሪካ ውስጥ የተፈጸመ ባለመሆኑ የውጭ መንግሥትን መክሰስ አይቻልም በሚል ነው።

ልብ በሉ፣ ሰነዱን ያስተላለፈለት ሰው ክፉ አላሰበም። ለእሱም ደርሶት፣ ጠቃሚ መስሎት ነው ያቀበለው። እኛም በየቀኑ የምናደርገው ይህንኑ ነው፤ ሳናነብ እናስተላልፋለን።

ተራው ሌባ ደግሞ የሚፈልገው ስማችንን ሳይሆን የምንቸኩልበትን ነገር ነው። ሪያድ ወይም ዱባይ ያለች እህቱ የሥራ ውል እስኪደርሳት የሚጠብቅ ሰው «የተፈረመው ውል ተያይዟል» የሚል ኢሜይል ቢመጣለት ይከፍተዋል። ለዑምራ የተመዘገበ ሰው «የቪዛ ማረጋገጫ» የሚል አባሪ አያልፍም። ነጋዴው «ዕቃችሁ ጉምሩክ ደርሷል» የሚለውን፣ ሥራ ፈላጊው «ለቃለ መጠይቅ ተመርጠሃል» የሚለውን ይከፍታል። የመድረሳና የመስጂድ ኮሚቴ ኮምፒውተሮችማ የየቲሞች ስም ዝርዝር፣ የለጋሾች ስልክ፣ የዘካ መዝገብ የተቀመጠባቸው ናቸው። ይህ አማና ነው። ብዙውን ጊዜ ግን ፓስወርድ በሌለው፣ አራት አምስት ሰው በሚጠቀምበት አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ነው ያለው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

የመጀመሪያው የሚሻለው ምክራችን ምንም ሶፍትዌር አያስፈልገውም፤ ስልክ መደወል ነው። ያልጠበቃችሁት አባሪ ሲመጣ፣ ከወንድማችሁም ቢሆን፣ ደውላችሁ ወይም በቴሌግራም «ፋይል ልከህልኝ ነበር ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ለዚያው ኢሜይል መልስ ጽፎ መጠየቅ ግን ዋጋ የለውም፤ አካውንቱን የያዘው ሌባ ከሆነ «አዎ፣ እኔ ነኝ፣ ክፈተው» ብሎ ይመልስላችኋል። የአንድ ደቂቃ ስልክ የትምህርት ቤታችንን ሦስት ቀን ባዳነው ነበር።

የግድ ማየት ካለባችሁ ሳታወርዱ እዚያው ጂሜይል ላይ በቅድመ እይታ ተመልከቱት። ሰነዱ የሚከፈተው በጉግል ኮምፒውተር ላይ ስለሆነ ማክሮው እናንተ ዘንድ አይሠራም። ጂሜይል «ኢ ኤክስ ኢ» የመሳሰሉ ፋይሎችን፣ በዚፕ ቢታሸጉም፣ በራሱ ይከለክላል። በፓስወርድ የተቆለፈ ዚፕን ግን ውስጡን ማየት አይችልም። ስለዚህ «የዚፑ ፓስወርድ 1234 ነው» የሚል ኢሜይል ሲመጣ ፓስወርዱ የተደረገው እናንተን ለመጠበቅ ሳይሆን ፈታሹን ለማሳወር ሊሆን እንደሚችል አስቡ።

የጠረጠራችሁትን ፋይል ቫይረስ ቶታል በተባለው የጉግል አገልግሎት ላይ ብትጭኑት ብዙ አንቲቫይረሶች በአንድ ጊዜ ይመረምሩታል፤ ክፍያ የለውም። ሁለት ነገር ግን አትርሱ። እዚያ የተጫነ ፋይል ሌሎች ተመራማሪዎች ሊያዩት ስለሚችሉ የፓስፖርት ቅጂ ወይም የግል ሰነድ አትጫኑበት። ሁለተኛ፣ ምንም አልተገኘም ማለት ንጹሕ ነው ማለት አይደለም፤ ገና ዛሬ የተሠራ ቫይረስ ነገ ነው የሚታወቀው።

ስለ አንቲቫይረስ ብዙ ጥያቄ ይቀርብልናል። ዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ ዲፌንደር የተባለው አብሮ ይመጣል፤ ለአብዛኞቻችን ይበቃል። ከገበያ በ«ክራክ» የተገኘ ውድ አንቲቫይረስ ከመጫን እሱን ማዘመን ይሻላል። እንዲያውም በክራክ የምንጭናቸው ሶፍትዌሮች ብዙዎቹ «መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፉ» ይላሉ፤ እኛም እናጠፋለን፤ መልሰን አናበራውም። የዊንዶውስ አፕዴትን «ዳታ ይበላል» ብሎ መዝጋትም እንዲሁ ነው። ዳታ መብላቱ እውነት ነው። በወር አንድ ቀን ዋይፋይ ያለበት ቦታ ሄዶ ማዘመን ግን ይቻላል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 7 የሚሰጠውን ድጋፍ በጥር 2020፣ ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ደግሞ በጥቅምት 2025 አቁሟል። ኮምፒውተራችሁ ወደ 11 ማደግ ከቻለ አሳድጉት።

በየቀኑ የምትጠቀሙበት አካውንት አስተዳዳሪ አይሁን። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ መደበኛ የሆነ ሌላ አካውንት ክፈቱና በእሱ ሥሩ፤ የአስተዳዳሪውን ፓስወርድ ለብቻ ያዙት። ቫይረስ ሲገባ የሚኖረው ሥልጣን ያን ጊዜ የተከፈተው አካውንት ያለው ሥልጣን ነው። በተለይ ብዙ ሰው በሚነካው የቢሮ ኮምፒውተር ላይ ይህ ለውጥ ያመጣል።

ቅጂው ከተሰካ ቅጂ አይደለም

ፋይል ቆላፊ ቫይረስን በተመለከተ አስተማማኙ መድኃኒት ባክአፕ ነው። ግን እንደ እኛ ትምህርት ቤት ፍላሹን ሰክታችሁ የምትተዉት ከሆነ የለም ቁጠሩት። ቫይረሱ በዚያ ቅጽበት ኮምፒውተሩ የሚደርስበትን ሁሉ ይቆልፋል፤ የተሰካ ፍላሽ፣ ኤክስተርናል ሀርድ ዲስክ፣ በኔትወርክ የተጋራ ፎልደር ሁሉ ይደርስበታል። ባለሙያዎች ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጭ ይሁን ይላሉ። ይህ ለብዙዎቻችን ከበዛ ትንሹን እንያዝ፦ ሐሙስ ማታ ኤክስተርናሉን ሰክታችሁ ገልብጡ፣ ንቀሉ፣ ቁምሳጥን ውስጥ ቆልፉበት። በጣም አስፈላጊዎቹን ደግሞ ጉግል ድራይቭ ላይ አስቀምጡ። ወር ጠብቃችሁም ከቅጂው አንድ ፋይል ከፍታችሁ ሞክሩ፤ የማይከፈት ቅጂ ታቅፈው የኖሩ ሰዎች አይተናል።

ቅጂ ሳይኖራችሁ ከተቆለፈባችሁ ለመክፈል አትቸኩሉ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2016 በአሜሪካ ሎስ አንጀለስ የሚገኝ ሆሊውድ ፕሬስቢቴሪያን የተባለ ሆስፒታል 40 ቢትኮይን፣ ያን ጊዜ 17 ሺህ ዶላር ገደማ፣ ከፍሎ ፋይሎቹን አስለቅቋል። ከፍለው ምንም ያላገኙም አሉ፤ ሌባ የሰጠው ዋስትና ነውና። መጀመሪያ «ኖ ሞር ራንሰም» የሚባለውን ጎብኙ። የአውሮፓ ፖሊስ ዩሮፖል፣ የኔዘርላንድስ ፖሊስና የአንቲቫይረስ ኩባንያዎች በ2016 የጀመሩት ሲሆን ቁልፋቸው ለተገኘ ቫይረሶች መክፈቻ በነጻ ይሰጣል። የእናንተው ባይኖርም የተቆለፉትን ፋይሎች አታጥፏቸው፤ ከዓመት በኋላ ቁልፉ ሊገኝ ይችላል።

ከፍቼዋለሁ፣ አሁንስ?

ኮምፒውተሩን ወዲያውኑ ከኢንተርኔት ለዩት። ዋይፋዩን አጥፉ፣ የኔትወርክ ገመዱን ንቀሉ፣ የተሰካ ፍላሽ ካለ አውጡ፤ ያንን ፍላሽ ሌላ ኮምፒውተር ላይ አትሰኩት። ከዚያ በሌላ ንጹሕ ኮምፒውተር ወይም በስልክ የኢሜይልና የባንክ ፓስወርዶቻችሁን ቀይሩ። በተያዘው ኮምፒውተር ላይ ተቀምጣችሁ ብትቀይሩት አዲሱንም ሌባው ያነበዋል። የኢሜይላችሁን ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ አብሩ። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁም መልእክታችሁ ሳታውቁት ወደ ሌላ አድራሻ እየተላለፈ እንዳይሆን ተመልከቱ፤ ይህን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል።

ቀጥሎ በዲፌንደር «ኦፍላይን ስካን» የሚለውን አሠሩት፤ ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት ስለሚፈትሽ የተደበቀውን የማግኘት ዕድሉ የተሻለ ነው። ኮምፒውተሩ የድርጅት ከሆነ ግን ፎርማት ተደርጎ ከአዲስ ዊንዶውስ ቢጫንበት ይመረጣል።

የመጨረሻው ለምትጻጻፏቸው ሰዎች ሁሉ በዚያው ቀን መናገር ነው፤ በስልክ፣ በቴሌግራም፣ በአካል፦ «በእኔ ስም ፋይል ከመጣላችሁ እንዳትከፍቱት»። ለጸሐፊያችን ኢሜይሉ የመጣባት የሌላው ትምህርት ቤት ባልደረባ ኮምፒውተሯ ከእኛ አራት ቀን ቀድሞ ተይዞ እንደነበር የሰማነው ውጤቱ ከተለጠፈ በኋላ ነው። አሳፍሯት ለማንም አልተናገረችም ነበር።